የስምንት ቀን ግማሽ ዕድሜ

አርባ ምንጭ ውስጥ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ እኔ የሚያስታውሱት አንድ ነገር ቢኖር፣ ቁጥር ብቻውን ጽፎ ለሚሰጠኝ ሰው ምሕረት የሌለኝ መሆኑን ነው። አንዱ መልሱን «15» ብሎ ከጨረሰ በቀይ እስክሪብቶ «15 ምን? ሙዝ?» ብዬ እጽፍበትና ሙሉ ነጥቡን እወስድበታለሁ። ቢሮዬ ድረስ መጥተው «መምህር፣ ሂሳቡ እኮ ልክ ነው» እያሉ ይከራከሩኛል። ሂሳቡ ልክ ነው፣ ግን የምን ሂሳብ ነው እላቸዋለሁ። ይህን ስል ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። ሰው ማረም እወዳለሁ፤ እኔን ሲያርሙኝ ግን ፊቴ ይጠቁራል።

ይህን ያስቀደምኩት ከዚህ በኋላ የምናገረው ጥፋት የማን እንደሆነ ከወዲሁ እንዲታወቅ ነው።

አባቴ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ላንቴ ሙዝ ያለማል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ይኖራል። ልጄ የተወለደችው እናቴ በሞተችበት ዓመት ነው፤ እኔ ከተማው ውስጥ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ቤት ተከራይቼ ስሠራ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን እሷ የምታሳልፈው አባቴ ዘንድ ነበር። አሳደጋት ማለት ይቻላል። አራት ዓመት ሲሆናትም ከትከሻው አትወርድም ነበር፤ ሙዙን ሲኮተኩት እንኳ ጀርባው ላይ ተጣብቃ «ፍጠን» ትለዋለች። እኔን በልጅነቴ አንድ ቀን እንደዚያ ተሸክሞኝ አያውቅም፤ ቅናት ቢጤ ይሰማኝ ነበር።

አንገቱ ላይ ያለው እንቅርት የቆየ ነው። ልጅነቱን ከላይ ደጋው ላይ ነው ያሳለፈው፤ ከእኩዮቹ ብዙዎቹ አላቸው፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በኋላ ግን ልቡ ቁጭ ባለበት ሁሉ ይደልቅ ጀመር። ኩባያ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሱሪው ከወገቡ ላይ አልቆም አለ። እዚህ ከመረመሩት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ላኩት። የሚሰጡት መድኃኒት ጨረር ያለው አዮዲን ነበር፤ በእንክብል መልክ የሚዋጥ። እንቅርት አዮዲን ስለሚወድ ጨረር ያለውን ከሌላው ሳይለይ ይስበዋል፤ ጨረሩም ከውስጥ ሆኖ ያከስመዋል። ችግሩ፣ እንክብሉን የዋጠ ሰው ለጥቂት ሳምንት ራሱ ጨረር ያወጣል። ስለዚህ ከሰው፣ በተለይ ከሕፃንና ከነፍሰ ጡር፣ መራቅ አለበት። ወንድሜ ይዞት ሄደ። እኔ የፈተና ሰሞን ነበርና ቀረሁ።

ሲመለሱ ወንድሜ ከመኪና ውስጥ ደወለልኝ።

«ጨረሱት» አለኝ።

«ማንን?»

«አባዬን ነዋ! ወረቀቱን አሁን ነው ያየሁት። መጀመሪያ የታዘዘለት አሥራ አምስት ነው። ሲወጣ በሰጡን ወረቀት ላይ ደግሞ አምስት መቶ ሃምሳ አምስት ሰጠነው ይላል። አሥራ አምስት ታዞለት አምስት መቶ ሃምሳ አምስት አስዋጡት!»

«ምን?» አልኩት። «አሥራ አምስት ምን? ከቁጥሩ ጎን ያሉትን ፊደሎች አንብብልኝ።»

እየተንተባተበ አነበበልኝ። የመጀመሪያው ወረቀት የሚቆጥረው በሚሊኪዩሪ ነው፤ ሁለተኛው በሜጋቤክሬል። ኪዩሪ የድሮው መለኪያ ነው፣ ቤክሬል የአሁኑ። አንዲት አቶም በሰከንድ ውስጥ ስትፈርስ አንድ ቤክሬል እንላለን፤ እጅግ ትንሽ መለኪያ ነው። አንድ ኪዩሪ ግን ሠላሳ ሰባት ቢሊዮን ቤክሬል ነው። በዚህ ሂሳብ አንዱ ሚሊኪዩሪ፣ የኪዩሪ አንድ ሺኛ ማለት ነው፣ ሠላሳ ሰባት ሜጋቤክሬል ወይም ሠላሳ ሰባት ሚሊዮን ቤክሬል ይሆናል፤ አሥራ አምስት ጊዜ ሠላሳ ሰባት አምስት መቶ ሃምሳ አምስት። ቅንጣት አልተሳሳቱም።

«ሁለቱ አንድ ናቸው» አልኩት። «አንድ ኩንታል ማለትና መቶ ኪሎ ማለት ነው። የተጨመረ ነገር የለም።»

ወንድሜ በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማሁት። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ «አባዬ፣ አንድ ናቸው ትላለች» አለ። አባቴ የመለሰው ነገር አልተሰማኝም። ዝምታውን እንደ መስማማት ቆጠርኩትና ስልኩን ዘጋሁ። በነጋታው ክፍል ገብቼ ይህንኑ ምሳሌ አድርጌ ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ሠራሁላቸው። ኮርቼ ነበር።

ሆስፒታሉ የሰጠን ወረቀት አባቴ ሕፃን ልጅ ሳያቅፍ ሃያ አንድ ቀን እንዲቆይ፣ ከአዋቂም ሁለት ሜትር እንዲርቅ ያዛል። ልጄን ወደ ሲቀላ ወሰድኳት። ለአባቴ ከቤቱ ጎን ያለችውን ክፍል ለብቻው አዘጋጀንለት፤ ሳህኑና ብርጭቆው ተለየ። ሄዳ እንዳትጠጋው ደግሞ በግቢው ውስጥ ከአንዱ የሙዝ ግንድ ወደ ሌላው ሲባጎ ወጠርኩ። በሜትር ለክቼ ነው የወጠርኩት፤ ከበሩ አራት ሜትር። ቅዳሜ ቅዳሜ አመጣትና ከሲባጎው ወዲህ ትቆማለች፤ እሱ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ እየተጯጯሁ ያወራሉ።

እንክብሉን ከዋጠ በሦስተኛው ቀን፣ ያንን ሲባጎ እያሰርኩ ሳለ፣ የትምህርት ክፍል ባልደረባዬ ደወለልኝ። ከሰሜን የመጣ ልጅ ነው፤ ስለ አባቴ ሊጠይቀኝ ነበር። ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በጋሞኛ ነው፤ አባቴ አማርኛ የሚሰማው ለገበያና ለቀበሌ ጉዳይ ያህል ነው። ከባልደረባዬ ጋር ግን በአማርኛ ነው የምናወራው። ለተማሪዎቼ የፊዚክስ ቃላትን ወደ አማርኛ መመለስ እወዳለሁ፤ ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበትን ጊዜ፣ ሌሎቹ ሁሉ «ሃፍ ላይፍ» የሚሉትን፣ እኔ ብቻ «ግማሽ ዕድሜ» እለዋለሁ። ባልደረባዬ በዚህ ሲያሾፍብኝ ይኖራል፤ እኔም እልህ ይዞኝ ከእሱ ጋር ሳወራ አጥብቄ እለዋለሁ። የዚያን ቀንም ስለ መጠኑ ጠየቀኝ፣ አምስት መቶ ሃምሳ አምስት ነው አልኩት። «ብዙ ቀን ይቆያል እንዴ?» ሲለኝ፣ ሲባጎውን እየቋጠርኩ፣ ጮክ ብዬ፣

«ኧረ አይቆይም፤ ግማሽ ዕድሜው እኮ ስምንት ቀን ነው» አልኩት።

የአባቴ ክፍል መስኮት ክፍት ነበር።

ብዙ ጊዜ ያቺን ዐረፍተ ነገር እያነሣሁ እጥላለሁ። የአዲስ አበባ ሰው ብሆን ኖሮ አባቴን «እሳቸው» እል ነበር፤ ነገሩ እሱን የሚመለከተው «ግማሽ ዕድሜያቸው» ብል ብቻ ነበር። እኔ ግን አባቴን በአማርኛ ሳነሣው «እሱ» ነው የምለው፤ ያንን እሱም ያውቃል። ስለዚህ «ዕድሜው» ያልኩት አዮዲኑን ይሁን አባቴን የሚለይ ምንም ምልክት አልነበረም። ቁጥሩን ተናገርኩ፤ የማን እንደሆነ ግን አልተናገርኩም።

አባቴ ያን ቀን ከመስኮቱ አልራቀም ነበር። በዚያ ላይ ወንድሜ መኪና ውስጥ «ጨረሱት» ሲል ሰምቷል። አሥራ አምስትና አምስት መቶ ሃምሳ አምስት አንድ ናቸው ማለቴን ደግሞ አላመነኝም፤ እንዴት ብሎ ያምናል? ስለዚህ ለብቻው ተቀምጦ ሂሳቡን ሠራ። የቀረው ዕድሜ ግማሹ ስምንት ቀን ከሆነ፣ ሙሉው እንክብሉን ከዋጠበት አንሥቶ አሥራ ስድስት ቀን ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በጊዜው ያየሁት ጠባዩ መለወጡን ብቻ ነበር። መቆጣት ተወ። ለወንድሜ ያረጀ ግንድ እንዴት እንደሚነቀል፣ የትኛው ችግኝ የት እንደሚተከል፣ የትኛው ነጋዴ ሙዝ ሲቆጥር እጁ እንደሚፈጥን አንድ በአንድ ይነግረው ነበር። ወንድሜ «ሰውዬው ወሬ ጀመረ» ብሎ ይስቃል። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲመጡ ከበሩ ርቀው እንዲቆሙ ያደርግና በግልጽ የማይነገር የነበረውን ሁሉ እየተናገረ ይቅርታ ይጠይቃቸዋል። ሙሉ ልብሱን አስተኩሶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ለብቻ መቀመጥ ሰውን ያሳስባል ብዬ አለፍኩት። ሃለኮ የምንለውን የሞሪንጋ ቅጠል በበቆሎ ዱቄት ሠርቼ እወስድለታለሁ፣ ይበላል፣ ሳህኑን ለይቼ አጥባለሁ፤ በቃ።

በስምንተኛው ቀን ታናሽ ወንድሙን አስጠራ። አጎቴ የሙዝ ማሳው ከእኛ ጋር ይዋሰናል፤ መሃላቸው የመስኖ ቦይ ብቻ ነው ያለው። በዚያ ቦይ ውሃ ተራ ተጣልተው ለዓመታት አልተነጋገሩም። በእናቴ ለቅሶ እንኳ አጎቴ ከድንኳኑ ዳር ተቀምጦ፣ የአባቴን እጅ ሳይጨብጥ ነው የሄደው። ያን ቀን ግን ቡሉኮውን ለብሶ መጣ። አባቴ ከቦዩ ወዲህ፣ እሱ ከቦዩ ወዲያ ቆሙ። እኔ ከሥራ ስደርስ ሁለቱም እርጥብ ሳር ነጭተው በእጃቸው ይዘዋል፤ በእኛ ዘንድ ሳር ይዞ ዕርቅ የለመነ ሰው እምቢ አይባልም። ሁለቱም ያለቅሳሉ። አጎቴ ሊሻገር እግሩን ሲያነሣ «እዚያው! ሁለት ሜትር!» ብዬ ጮህኩበት። ቆመ። ሳሩን ውሃው ላይ ጣሉትና ወሰደው። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አያለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ያም ሆኖ ዓይኔ ርቀቱን ይለካ ነበር።

አሥራ ስድስተኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ። ልጄን ይዤ ጠዋት ደረስኩ። አባቴ የሰቀለውን ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ጢሙን ተላጭቷል። በሩ ላይ አልተቀመጠም፤ እስከ ሲባጎው መጥቶ ቆመ። ልጄን ወደ ኋላ ሳብኳት።

«ዛሬ ልቀፋት» አለኝ።

«አባዬ፣ አምስት ቀን ቀርቷል።»

«ለጥቂት ብቻ። ትከሻዬ ላይ አውጥቼ ላውርዳት።»

«ሃያ አንድ ቀን ነው የተባለው። ዛሬ አሥራ ስድስት ነው። አምስት ቀን ምን አላት? ይህን ሁሉ ቀን ታግሠህ አሁን ልታበላሸው ነው?» ተማሪ የምቆጣበት ድምፅ ነበር፤ ራሴን ሰማሁት። ልጄ እጇን በሲባጎው በላይ ዘርግታለች። እጇን መለስኩት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ማነሽ አንቺ» ይለኝ ነበር።

«እሺ» አለኝ። «ቁጥሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከአራት ክንድ ርቀት ልጄን ለረጅም ጊዜ አያት፤ ወደ ክፍሉም ገብቶ በሩን ዘጋ።

ከቀትር በፊት አጎቴ መጣ። ከልጆቹ ሁለቱን አስከትሏል፤ ቡሉኮውን ተከናንቧል። ከማንም ጋር ሳይነጋገር ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ድንች እልጣለሁ።

«ብቻውን ነው የተውሽው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ተኝቷል መሰለኝ።»

«አንድ ሰው በሩ ላይ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ቀኑ ዛሬ አይደለም እንዴ?»

«የምን ቀን?»

ፊቴን አየ፤ የማስመስል መስሎት ነበር። «እኔ አውቃለሁ፣ ልጄ። ቦዩ ላይ ከመምጣትሽ በፊት ነግሮኛል። ለጓደኛሽ በስልክ ስትናገሪ ሰምቶሻል። ግማሹ ስምንት ቀን ነው ብለሻል፤ ሙሉው ዛሬ ያልቃል። እንዳታለቅሺ ብሎ ነው ያልጠየቀሽ።»

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። በመጀመሪያ የመጣልኝ የሞት ነገር አልነበረም፤ ጠዋት መልሼ የያዝኩት የልጄ እጅ ነበር። አባቴ ሊሞት ነው ብሎ ባመነበት ቀን አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፣ እኔ ደግሞ ቀን ቆጥሬ ከለከልኩት። እሺ አለኝ።

በሩን ገፋሁት። አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሏል፤ ጫማውን እንኳ አላወለቀም፤ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሯል። ዓይኑ ክፍት ነው።

«አባዬ፣ ያ ስምንት ቀን የመድኃኒቱ ነው።»

«የመድኃኒቱ ምን?»

«ዕድሜ። የመድኃኒቱ። በስምንት ቀን ግማሹ ይጠፋል፤ በሌላ ስምንት ቀን ከቀረው ግማሹ ይጠፋል። እያለ እያለ ያልቃል። ሰውነትህ ውስጥ ከገባው ጨረር ከአራት እጅ ሦስቱ ጠፍቶ ዛሬ አንድ እጁ ቀርቷል። እየተሻለህ ነው፣ እየሞትክ አይደለም።»

«የእኔ አይደለም?»

«ያንተ አይደለም፣ አባዬ።»

ይደሰታል ብዬ ጠብቄ ነበር። ተነሥቶ ተቀመጠና ጫማዎቹን አያቸው፤ ዓይን አፋር ልጅ መሰለ።

«ሂሳቡን ግን ልክ ነበር የሠራሁት» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ደፉ ላይ ቆሜ፣ ሁለት ሜትር ራቅ ብዬ፣ ልጠጋው ሳልችል አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ፤ ግን እየተናደደ ነበር። አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ ሰውን ሁሉ እየተሰናበተ፣ ማሳውን በልቡ እያስረከበ፣ በየማለዳው አንድ ቀን እየቀነሰ ኖሯል። እኔ በየቀኑ መጥቼ ሳህኑን ለይቼ እያጠብኩ ሄጃለሁ። «እንዴት አልጠየቅኸኝም?» ልለው ከጅሎኝ ነበር፤ ተውኩት። ያልነገርኩት እኔ ነኝ።

ለአጎቴ ወጥቼ ነገርኩት። «ታዲያ አሁን ሳሬን ይመልስልኝ?» አለ፤ ልጆቹ ሳቁ፣ እሱ ግን አፉን በቡሉኮው ጫፍ ሸፍኖ ነበር። ከዚያ ቦዩ ድረስ ሄዶ፣ የዚያን ቀን ውሃ የእሱ ተራ ሳለ፣ ወደ እኛ ማሳ ለቀቀው።

ሃያ አንደኛው ቀን ሐሙስ ነበር። ክፍለ ጊዜዬን ለባልደረባዬ ሰጥቼ፣ ልጄን ይዤ ከሲቀላ ተነሣን። ላንቴ ስንደርስ አባቴ የሥራ ልብሱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ሲባጎውን ፈታሁት፤ ቋጠሮው ከርሮ በጥርሴ ነው ያላላሁት።

«ስንት ቀረ?» አለኝ ሳይንቀሳቀስ።

መንገድ ላይ ሳሰላው ነበር። «ዘጠና ገደማ፤ ሰውነትህ ያስወጣውን ሳልቆጥር።»

«ዘጠና ምን?»

አፌን ከፈትኩ። ሜጋቤክሬል ልለው ነበር። ያንን ለእሱ የሚነግር ቃል በአማርኛም በጋሞኛም አልነበረኝም። ልጄ ግን አልጠበቀችም፤ ከእጄ አምልጣ ሮጠችና ጉልበቱን አቀፈችው። አባቴ አልነካትም። ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ፣ መዳፎቹን ከፍቶ፣ እሷን ሳይሆን እኔን ያያል፤ እጆቹ መንቀጥቀጥ ትተዋል። ያ ሽማግሌ፣ የሰው ፊት ዓይቶ የማያውቅ ሰው፣ በገዛ ደጁ ላይ የእኔን ፈቃድ ይጠብቃል።

«ያዛት፣ አባዬ» አልኩት። «ያዛት።»